ከቀፎ የወጣ መንጋና ኅዋ ላይ የተጣለ ጭነት፦ የባለቤትነት ዕድሜ በምን ይቆጠራል?

መግቢያ

ከባለቤቱ እጅ የወጣ ንብረት እስከ መቼ የባለቤቱ ሆኖ ይቆያል? ጥያቄው የሕግ መማሪያ ክፍል ጥያቄ ቢመስልም በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ንብ ለሚያነብ ገበሬ የአበባ ወራት ጉዳይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳና ቀፎው ሲሞላ ንቦቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገንም ከአሮጌዋ ንግሥት ጋር ይወጣል። የወጣው መንጋ በአቅራቢያው ባለ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ አሳሾቹ ማደሪያ ሲያገኙለትም ተነሥቶ ይሄዳል። በዚህ መካከል ያየው ጎረቤት ባዶ ቀፎ ይዞ መጥቶ ቢያስገባው መንጋው የማን ነው?

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው ሁለት ሥርዓቶችን በማነጻጸር ነው። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሁለተኛው ኢቭ ኦንላይን የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ኅዋ ላይ ለሚጣል ጭነት የተደነገገው ደንብ ነው። ጨዋታው ለንጽጽር የተመረጠው የተለቀቀ ዕቃ ዕድሜ በአንድ ቁጥር ብቻ የተወሰነበት ግልጽ ምሳሌ ስለ ሆነ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ ጨዋታው የዕቃውን ሰዓት ይቆጥራል፣ ሕጋችን ግን የባለቤቱን ፍለጋ ይቆጥራል፤ ከዚህ ልዩነት የተነሣም በገጠር የሚነሣው ክርክር ዋና ጉዳይ የጊዜ ርዝመት ሳይሆን የማስረጃ ጉዳይ ይሆናል።

ሰዓት የሚቆጥር ሥርዓት

ኢቭ ኦንላይን በአይስላንዱ ሲሲፒ ኩባንያ ተሠርቶ በ1995 ዓ.ም. ለተጫዋቾች የተከፈተ ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ የጋራ ዓለም ውስጥ መርከብ እየነዱ ማዕድን ያወጣሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ። የመርከቡ ጎተራ በማዕድን ሲሞላ ነጂው ጭነቱን ወደ ኅዋ ሊጥለው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ 27,500 ሜትር ኩብ የሚይዝ መያዣ በራሱ ይፈጠራል። መያዣው ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ከነጭነቱ ይጠፋል። የደንቡ ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም፤ በጋራው ዓለም ውስጥ የተጣለ ዕቃ ሁሉ ለዘለዓለም ቢኖር ኅዋው በጭነት ይጨናነቃል፣ ዕቃውን ሁሉ የሚመዘግበው ማዕከላዊ ኮምፒውተርም ሥራ ይበዛበታል።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ሰዓቱ የባለቤቱን ትጋት አይመለከትም። ባለቤቱ ከመያዣው ጎን ቆሞ ቢጠብቅም፣ ትቶት ቢሄድም ሁለቱ ሰዓታት እኩል ይሮጣሉ። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ሰዓታት ውስጥ ባለቤትነት አለ፤ ሆኖም ቁልፍ የለውም። ማንም አላፊ መያዣውን ከፍቶ ሊወስድ ይችላል፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጥበቃ ባለበት ቀጠና እንዲህ ያደረገ ሰው ለ15 ደቂቃ ተጠርጣሪ ተብሎ ይመዘገባል፣ በእነዚያ ደቂቃዎችም ሌላው ተጫዋች ሁሉ ያለ ቅጣት ሊመታው ይችላል። ሦስተኛ፣ ባለቤቱ መያዣውን በግልጽ መተው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚወስደው ሰው ተጠርጣሪ አይሆንም።

ተጫዋቾች ከዚህ ደንብ ጋር የሚኖሩበትን ልማድም ፈጥረዋል። መያዣው የተጣለበትን ሰዓት የመያዣው ስም አድርገው ይጽፋሉ፤ ጊዜው ሲቃረብም ጭነቱን ወደ አዲስ መያዣ ያዛውሩና ሁለቱን ሰዓታት እንደ ገና ያስጀምራሉ። ደንቡ ትጋትን ባይቆጥርም ተጫዋቾቹ ትጋታቸው የሚቆጠርበትን መንገድ አበጅተዋል ማለት ነው።

ፍለጋ የሚቆጥር ሕግ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1151 ባለቤት የሌለውን ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገር ባለቤት ለመሆን አስቦ በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ አንድ ነገር መቼ ባለቤት የሌለው ይሆናል የሚል ነው። የሚቀጥሉት ሁለት ቁጥሮች ለገበሬው ቅርብ ለሆኑ ሁለት ነገሮች መልስ ይሰጣሉ።

ቁጥር 1152 ስለ ለማዳ እንስሳት ነው። ያመለጡ ለማዳ እንስሳት ባለቤት የሌላቸው የሚሆኑት ባለቤታቸው ሳይፈልጋቸው ሲቀር ወይም ፍለጋውን ለአንድ ወር ሲተው ነው። ወሩ እንስሳው ካመለጠበት ቀን አይጀምርም፤ የሚቆጠረው ፍለጋው የቆመበት ጊዜ ነው። ከእነማይ የጠፋን በሬ ባለቤቱ ከገበያ ገበያ እየዞረ ሦስት ወር ቢፈልገው በሬው በሦስተኛውም ወር የእርሱ ነው።

ቁጥር 1153 ስለ ንቦች ነው። የንብ መንጋ የባለቤቱን ቀፎ ለቅቆ ሲወጣ ባለቤት የሌለው ይሆናል፤ ነገር ግን ባለቤቱ መንጋው በወጣበት ቀን መከታተል ከጀመረና ሳያቋርጥ ከተከታተለው ባለቤትነቱ አይቀርም። እዚህም የሰዓት ቁጥር የለም፤ የመጀመሪያው ቀንና ያልተቋረጠ ክትትል ብቻ ናቸው።

ለበሬው የአንድ ወር ትዕግሥት፣ ለመንጋው ግን አንድ ቀን የተሰጠው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ማብራሪያ ነገሩ ስለ ራሱ ከሚሰጠው ምስክርነት ጋር የተያያዘ ነው። በሬ በመልኩ፣ በቀንዱ፣ በጠባሳውና በጆሮው ምልክት ይታወቃል፤ ከወር በኋላ በሌላ ሰው በረት ቢገኝ ባለቤቱም ጎረቤቱም ይለዩታል። የንብ መንጋ ግን ከሌላ መንጋ የሚለይበት ምልክት የለውም። ከዓይን አንድ ጊዜ ከተሰወረ በኋላ ሌላ ቀፎ ውስጥ የተገኘውን መንጋ «ያ የእኔ ነው» ማለት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ንብረቱ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ባነሰ መጠን ባለቤቱ በተግባሩ የሚመሰክረው መብዛት አለበት። በጨዋታው ውስጥ ይህ ችግር የለም፤ እያንዳንዱ መያዣ የባለቤቱን ስም ይዞ ስለሚመዘገብ ዕድሜውን የሚያሳጥረው የማስረጃ እጥረት ሳይሆን የቦታ መጨናነቅ ነው።

«ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል ትርጉም

የንቡ ድንጋጌ በአፈጻጸም ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

የመጀመሪያው የሌሊት ጥያቄ ነው። መንጋ በቀን እንጂ በሌሊት አይጓዝም። ከዚህ የተነሣ መንጋው ያረፈበትን ዛፍ ምልክት አድርጎ ሲመሽ ወደ ቤቱ የተመለሰና ጎሕ ሲቀድ የመጣ ሰው ክትትሉን አቋርጧል ሊባል አይገባም። በአንጻሩ መንጋውን በቀትር አይቶ ወደ ሌላ ጉዳዩ የሄደና በማግሥቱ ያስታወሰ ሰው አቋርጧል። የክትትል መለኪያው መንጋው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ባለቤቱ ያደረገው ነገር መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመልክዓ ምድር ጥያቄ ነው። የሞጣ ከተማ የምትገኝበት ሁለት እጁ እነሴ በሰሜን እስከ ዓባይ ይዘልቃል፤ ከቢቸና በስተ ምሥራቅም የሸበል በረንታ መሬት ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ገደል አፋፍ ላይ የደረሰ መንጋ ይሻገራል፤ ሰው ግን ዞሮ መውረድ አለበት። የሮማው ንጉሥ የዩስጢንያኖስ የሕግ መማሪያ መጽሐፍ መንጋው የባለቤቱ የሚሆነው በዓይኑ እስከታየና ክትትሉ አስቸጋሪ እስካልሆነ ድረስ ነው ይላል። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 961 ባለቤቱ ሳይዘገይ ካልተከታተለ ወይም ክትትሉን ከተወ መንጋው ባለቤት አልባ ይሆናል ይላል። የእኛም ድንጋጌ ለዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ የመሬቱን አስቸጋሪነት ወይም የዓይንን ርቀት መለኪያ አላደረገም። ስለዚህ ገደሉን ዞሮ የሚወርድ ሰው መንጋው ለጊዜው ቢሰወርበትም መብቱን አላጣም ብሎ መተርጎም ከድንጋጌው ቃል ጋር ይስማማል።

ሦስተኛውና ከባዱ የማስረጃ ጥያቄ ነው። ቁጥር 1193 ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገርን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት እንደሆነ የሕግ ግምት ይወስድለታል። መንጋውን ቀፎ ያስገባው ጎረቤት በዚህ ግምት ተጠልሎ ይቆማል፤ የማስረዳት ሸክሙ በቀድሞው ባለቤት ላይ ይወድቃል። ባለቤቱ ማስረዳት ያለበት መንጋው ከእርሱ ቀፎ መውጣቱን፣ በዚያው ቀን መከተሉን፣ ክትትሉን አለማቋረጡንና የተያዘው መንጋ ያው መሆኑን ነው። በጨዋታው ውስጥ ይህን ሁሉ ማዕከላዊው ኮምፒውተር ይመዘግበዋል። በገጠር መዝጋቢው የሰው ዓይንና ጆሮ ነው።

ቁርጥ ያለ ሰዓት ይሻል ነበርን?

«መንጋው ከወጣ ከሁለት ቀን በኋላ የማንም ነው» የሚል ቁርጥ ያለ ደንብ ቢኖር ክርክሩ የሚቀል ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሰዓት የሚቆጥር ደንብ የሚሠራው የመነሻውን ቅጽበት ሁሉም የሚያምነው አካል ሲመዘግብ ነው። መንጋ የወጣበትን ሰዓት የሚመዘግብ አካል በሌለበት ክርክሩ «መቼ ተከተልከው?» ከሚል ወደ «መቼ ወጣ?» ወደሚል ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ከዚህም በላይ ቁርጥ ያለ ሰዓት መንጋውን ደብቆ ጊዜው እስኪያልፍ ለሚጠብቅ ሰው ያደላል። ፍለጋ ግን በባሕርዩ የአደባባይ ሥራ ነው፤ እየተጣራ በሰው ማሳ የሚያልፍ ገበሬ ሳያስበው ምስክሮቹን እያበዛ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

የንጽጽሩ ውጤት ለንብ አናቢው ተግባራዊ ትርጉም አለው። መንጋው ሲወጣ ዝም ብሎ መሮጥ አይበቃም። ወዲያውኑ ድምፁን አሰምቶ ጎረቤት መጥራት፣ ቢቻል ሁለት ሰው ይዞ መከተል፣ መንጋው ያረፈበትን መሬት ባለይዞታ በዚያው ቀን ማሳወቅ፣ ሲመሽም ቦታውን በምስክር ፊት ምልክት ማድረግ መብትን ያጸናሉ። ጨዋታ ተጫዋቹ ሰዓቱን በመያዣው ስም ላይ እንደሚጽፍ፣ ገበሬውም ፍለጋውን በጎረቤቶቹ ትውስታ ላይ ይጽፋል። የግብርና ልማት ሠራተኞች ስለ ዘመናዊ ቀፎ በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ ይህችን የሕግ ነጥብ ቢያክሉ የሚጠይቀው ጊዜ ጥቂት ነው።

ለቀጣይ ጥናት የሚቀረው ጥያቄ ሽማግሌዎችና የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ክርክር ሲዳኙ የትኛውን መለኪያ እንደሚጠቀሙ ማወቅ ነው፤ የባለቤቱን ፍለጋ፣ የጎረቤቱን ድካም፣ ወይስ የሁለቱን እርቅ? በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ቃለ መጠይቅ በማድረግና የተወሰኑ ውሳኔዎችን በመመርመር ይህን ማጥናት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አቅም የሚመጥን ሥራ ነው።