ስለ ገበታ ሥርዐትና ስለ ቤተሰብ ሰላም

የአንድ ቤተሰብ ፍቅርም ሆነ ጠብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በገበታ ላይ ነው። ሰው በሥራ ቦታና በመንገድ ላይ የልቡን ሊሸሽግ ይችላል፤ ከሌላው ጋር ወደ አንድ እንጀራ እጁን ከዘረጋ በኋላ ግን መሸሸግ ይቸግረዋል። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ገበታ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ስለ ወጡ አሠራር የሚያስተምሩ ብዙዎች ስላሉ ያን ለእነርሱ እተወዋለሁ።

በቀድሞው ልማድ መሶቡ ሲቀርብ አስቀድሞ እጅ የሚያስታጥብ ይመጣል። በመጀመሪያ እንግዳና ሽማግሌ፥ ቀጥሎ የቤቱ ጌታ፥ ከዚያም ሌላው ይታጠባል። ከጸሎት በኋላ አባት እንጀራውን ቈርሶ ይጀምራል፤ ከእርሱ አስቀድሞ እጁን የሚሰድ የለም። ሁሉም የሚበላው በፊቱ ካለው ወገን ነው፤ ወደ ሌላው ፊት መሻገር ነውር ነው። በብዙ ቤት ልጆች ቆመው መብራት ይይዙ ነበር፤ የሚበሉትም ታላላቆች ከተነሡ በኋላ ነው። ዶሮ ወጥ በሆነ ጊዜማ ነገሩ ይጠነክራል። ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል፤ ከነዚህም ፈረሰኛ የሚባለው ለቤቱ ጌታ ወይም ለተከበረ እንግዳ ይሰጣል። ይህን ብልት ለሌላ ያወጣች እመቤት ቃል ሳትተነፍስ ብዙ ነገር ተናገረች ማለት ነው።

እንግዲህ የመሶብ ጠብ የራሱ ቋንቋ አለው። በገበታ ላይ መጮኽ እንጀራን መናቅ ስለሚሆን የተቈጣ ሰው «ጠግቤአለሁ» ይላል። ሦስት ጊዜ ብቻ ጎርሶ እንዲህ ያለ ሰው አለመጥገቡን ሁሉም ያውቃል። እናት «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብላ ትለምነዋለች፤ እርሱ ግን እጁን ይታጠባል። የታጠበ እጅ ደግሞ በቀላሉ ወደ ገበታ አይመለስም። ጉርሻም እንዲሁ ነው። ለሁሉ አጉርሶ አንዱን መዝለል ከስድብ ይከፋል፤ የተዘረጋውንም ጉርሻ እምቢ ማለት ከዚያ አያንስም። («አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛው የሚጨመረው ሰዎች ይህን ፈርተው ይመስለኛል።)

የጾም ነገርም አለ። በረቡዕና በዓርብ ወይም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከልጆቹ አንዱ አልጾምም ቢል ገበታው ለሁለት ይከፈላል። ዛሬ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ሁሉም የየራሱን ሳሕን ይዞ ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ስልኩ ይዞራል። እንዲህ ያለው ቤት ጸጥታ አለው፤ ማን ሳይበላ እንደ ተነሣ ግን የሚያውቅ የለም።

አባት የገበታው አለቃ የሆነው በልማድ ብቻ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ብሎ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን በቤተሰብ አስተዳደር ባልና ሚስት እኩል መብት እንዲኖራቸው አደረገ። ሴት ልጅ በመሶቡ ዙሪያ የት እንደምትቀመጥ የሚናገር አንቀጽ ግን በየትኛውም አይገኝም። ይህ የሚወሰነው በየቤቱ ነው፤ በእኛም ቤት እንዲሁ ሆነ።

እኅቴ ለ12ኛ ክፍል ፈተና በምትዘጋጅበት ወራት ራት የምታቀርበውም እጅ የምታስታጥበውም እርሷ ነበረች። እርሷና እናቴ የሚበሉት እኛ ከተነሣን በኋላ በማድ ቤት ነበር፤ ዕቃው ታጥቦ እስኪያልቅም መጽሐፍ የመግለጥ ዐቅም አይተርፋትም። አንድ ማታ ታላቅ ወንድሜ «አባባ፥ እርሷ ለምን ከእኛ ጋር አትበላም?» ሲል ጠየቀ። አባቴ «ጠግቤአለሁ» ብለው ውሃ አስመጡ። ውሃውን ያመጣችላቸው እኅቴ ነበረች። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ራታቸውን ለብቻቸው በሉ።

በእኔ አስተያየት ወንድሜ የጠየቀው ተገቢ ነበር፤ ቦታው ግን አልተመረጠም። አባት በሁሉ ፊት፥ ያውም እጁ እንጀራው ላይ ሳለ ሲጠየቅ፥ ክብሩን ሳያጐድል የሚመልሰው መልስ ያጣል። አክስቴ ይህን ነገር ከእርሱ የበለጠ ታውቃለች። በእሑድ ቀን በእንግድነት መጥታ እጇን ከታጠበች በኋላ «ነይ ልጄ፥ ከጎኔ ካልተቀመጥሽ አልበላም» ብላ እኅቴን ጠራች። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ አባቴ ዝም አሉ። አክስቴ መጀመሪያ እኅቴን፥ ቀጥላ አባቴን አጐረሰች፤ እርሳቸውም ተቀብለው ጐረሱ።

እኅቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች፤ በጊዜ ስለምትጨርስም ከራት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ታነባለች። እናቴ ግን አሁንም በማድ ቤት ትበላለች፤ ወጥ ጐደለ፥ ውሃ አለቀ ሲባልም እጇን አራግፋ የምትነሣው እኅቴ ናት።