አስማቱ እስከ የት ይደርሳል? ማንንስ ይነካል?

ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የምናብና የዳይስ ጨዋታ ሲጫወቱ ከሚያጨቃጭቁ ነገሮች አንዱ የእሳት ኳስ የሚባለው አስማት ነው። ወርዋሪው «ደርሶበታል» ሲል፣ የተወረወረበት «እኔ ከርቀቱ ውጭ ነኝ» ይላል። የሚያጣላቸው ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ትንፋሽ መጠየቃቸው ነው፦ አስማቱ እስከ የት ይላካል? ካረፈስ በኋላ ምን ያህል ቦታ ይሸፍናል? ሁለቱ ተለያይተው የኖሩ ናቸው። በአሮጌው የጨዋታው «አድቫንስድ» የመጀመሪያ እትም የአስማት ርቀት ሜዳ ላይ ከቤት ውስጥ በሦስት እጥፍ ይረዝም ነበር፤ የሚሸፍነው ስፋት ግን አይለወጥም። ስለዚህ ታሪኩን የሚመራውና የሚዳኘው ጨዋታ መሪ ለየብቻና በቅደም ተከተል ይመልሳቸው።

ለመለማመድ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ የኮንቴይነር ማራገፊያ ግቢ በምናባችሁ ሳሉ። ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ አንዱ ካሬ 5 ጫማ (1.5 ሜትር ገደማ) ይሁን፤ ለተጫዋቾቹ ቆርኪ አስቀምጡ። በባቡር ከጅቡቲ የሚመጣው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በርዝመቱ 4 ካሬ ይይዛል። የእሳት ኳሱ ራዲየስም 20 ጫማ ስለሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር የባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ርዝመት አለው።

በመጀመሪያ ከወርዋሪው እስከ ማረፊያው ነጥብ ለኩ። በጨዋታው 5ኛ እትም የእሳት ኳስ ርቀት 150 ጫማ፣ ማለትም 30 ካሬ ነው። ርቀቱ የሚገድበው ነጥቡን እንጂ እሳቱን አይደለም፤ ነጥቡ 150 ጫማ ላይ ካረፈ፣ 160 ጫማ ላይ የቆመውም ይቃጠላል። ሁለተኛ መንገዱን እዩ፦ ወርዋሪው ነጥቡን የማያየው ከሆነና መሃል ላይ ኮንቴይነር ካለ፣ እሳቱ ከኮንቴይነሩ ወዲህ ይፈነዳል። ሦስተኛ ቅርጹን ሳሉ። ለክብ ቅርጽ ነጥቡን የካሬዎች መገናኛ ላይ አድርጉ፤ ክቡ ግማሹንና ከዚያ በላይ የሸፈነው ካሬ ይቆጠራል። የመብረቅ አስማት ግን 100 ጫማ ርዝመትና 5 ጫማ ስፋት ያለው መስመር ሆኖ ከራሱ ከወርዋሪው ይነሳል። አራተኛ ከለላውን መርምሩ፦ ከመነሻው ነጥብ ያልተዘጋ ቀጥተኛ መስመር የማይደርስበት ቦታ አይነካም። እዚህ ላይ የእሳት ኳስ የራሱ ሕግ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የ5ኛው እትም መጽሐፍ እሳቱ ጥግ ዞሮ ይገባል። ከጠቅላላው ደንብ የአስማቱ የራሱ ቃል ይበልጣል። ዳይስ የሚጣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ባለ 6 ገጽ 8 ዳይስ፤ በቅልጥፍናው ያመለጠ ግማሹን ጉዳት ይቀበላል።

«ይህ ሁሉ ልኬት ምናብን ይገድላል» የሚሉ አሉ። ካርታ ለማይወዱ የጨዋታ መሪው መጽሐፍ አቋራጭ አስቀምጧል፦ ለሉል ቅርጽ ራዲየሱን ለ5 ማካፈል። 20 ለ5 ሲካፈል 4 ይሆናል፤ የእሳት ኳሱ አራት ሰው ያህል አገኘ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ርቀቱን መጠየቅ አያስቀርም፤ የሚተካው ሦስተኛውን እርምጃ ብቻ ነው። ሌሎች ደግሞ ሰያፍ ካሬ እንደ ቀጥታው 5 ጫማ መቆጠሩ ከጂኦሜትሪ ጋር ይጣላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለእነሱ አንዱን ሰያፍ 5፣ ቀጣዩን 10 እያሉ የሚቆጥሩበት አማራጭ ደንብ አለ። የትኛውም ቢመረጥ ችግር የለውም፤ የሚያጣላው ውጊያው ከተጀመረ በኋላ መምረጥ ነው። አቆጣጠሩን ከጨዋታው በፊት ተስማሙበት፤ ወርዋሪውም ነጥቡን በወረቀቱ ላይ ሳያሳይ ዳይስ አይጣል።