የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕን በቤት ውስጥ ማጽዳትና ማስቀመጥ፦ የእርጥበት ሚና

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር ዕድሜያቸው የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲመገቡ ይመክራል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ግን 90 ቀናት ነው። በቀሩት 3 ወራት ሥራ ላይ የምትውል እናት ወተቷን አልባ ለማቆየት ፓምፕ ልትጠቀም ትችላለች። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ፣ የብክለት አደጋ ከመታጠብ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ከታጠበ በኋላ ከሚቀረው እርጥበትም የሚመነጭ መሆኑ ነው።

ሁለት አጋጣሚዎች

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ግዛት በ29ኛው የእርግዝና ሳምንት በተወለደ ሕፃን ላይ ክሮኖባክተር ሳካዛኪ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ ከባድ ኢንፌክሽን ተገኘ። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚታወቀው ከዱቄት የሕፃናት ወተት ጋር በተያያዘ ቢሆንም፣ በዚህ አጋጣሚ ከታለበው ወተት፣ ከፓምፑና ከቤቱ የወጥ ቤት ሲንክ ፍሳሽ ተለይቷል። የፓምፑ ክፍሎች እስከ 5 ሰዓት በሳሙና ውኃ ይዘፈዘፉ ነበር እንጂ በብሩሽ አይታሹም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው አገር በተመዘገበ ሌላ አጋጣሚ ደግሞ ክፍሎቹ ተጠበውና ከጀርም ጸድተው ሳለ አንዳንድ ጊዜ ሳይደርቁ ይገጣጠሙ ነበር።

ትንተና

የመጀመሪያው አጋጣሚ መዘፍዘፍ የማሸትን ቦታ እንደማይተካ ያሳያል። የወተት ስብና ፕሮቲን በፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፤ ለብ ያለ የቆመ ውኃ ደግሞ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ሁለተኛው ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ለ5 ደቂቃ ማፍላት በወቅቱ ያለውን ጀርም ይገድላል፤ በኋላ የሚመጣውን ግን አይከላከልም። ክሮኖባክተር ድርቀትን ተቋቁሞ መቆየት ቢችልም ለመራባት እርጥበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ እርጥብ ዕቃን በተዘጋ ከረጢት ማስቀመጥ የማጠቡን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

ተግባራዊ አካሄድ

ፓምፑን ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ወተት የነካቸው ክፍሎች ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ተፈታትተው በሚፈስ ውኃ ይለቀለቃሉ፤ ቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ቤት ንጹሕ ውኃ በጆግ እያንቆረቆሩ መጠቀም ይቻላል። እጥበቱ በቀጥታ በሲንክ ውስጥ ሳይሆን ለዚሁ ብቻ በተለየ ሳፋ፣ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና ለሕፃኑ ዕቃ ብቻ በሚያገለግል ብሩሽ ይከናወናል። ሳፋውና ብሩሹም ታጥበው ይደርቃሉ። ከ2 ወር በታች ለሆነ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ወይም የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሕፃን ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ማፍላት ይመከራል፤ ክፍሎቹ መፍላት የሚችሉ መሆናቸው ግን አስቀድሞ ከመመሪያው ይረጋገጣል።

ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግተው በአየር ይደርቃሉ። በዕቃ መወልወያ ፎጣ ማበስ ጀርምን ይመልሳል። ፍጹም ሲደርቁ ብቻ አቧራና ነፍሳት በማይደርሱበት ንጹሕ ቦታ ይቀመጣሉ። ሻጋታ የታየበት የአየር ቱቦ ይጣላል እንጂ አይታጠብም።

ማጠቃለያ

ለእናቶች የሚሰጠው ምክር «ዕቃው በምን ይታጠባል?» በሚለው ጥያቄ ከተወሰነ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የጤና ባለሙያው «የት ይደርቃል? ከመገጣጠሙ በፊትስ ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። በጠባብ ቤት ለማድረቂያ የሚሆን ንጹሕ ቦታ ማግኘት ቀላል ባለመሆኑ፣ ወደፊት የሚደረጉ የቤት ለቤት ጥናቶች ይህንኑ ደረጃ ለብቻው ቢመዘግቡ ይጠቅማል።