የወርዋሪው ክንድና የውርወራ ቁጥር

ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ክንዱ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነው። በኃይል በወረወረ ቍጥር በክርኑ ውስጥ በኩል ያለው ጅማት ይወጠራል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ከአንድ ውርወራ ሳይሆን፣ የደከመው ጅማት ሳያርፍ እንደ ገና ሲወጠር ነው። በልጅ ላይ ደግሞ አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ አደጋው ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን የተጐዳ ጅማት ከሌላው ክንዱ በተወሰደ ጅማት ተክቶለታል። ዛሬ ይኸው ቀዶ ጥገና ለወጣቶችም ይደረጋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ የቀኑን ውርወራ በዕድሜ ይወስናል፤ ይኸውም ከ9 እስከ 10 ዓመት 75፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት 85፣ ከ17 እስከ 18 ዓመት 105 ነው። ከ14 ዓመት ያልበለጠ ልጅ 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ማረፍ አለበት።

«ልጁ ሲደክመው ራሱ ይናገር የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ማሸነፍ ይወዳልና። አሠልጣኙም ዋንጫውን ሲያይ ክንዱን ይረሳል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2018 በኮሺዬን የተማሪዎች ውድድር ዮሺዳ ኮሴይ 881 ጊዜ ወረወረ፤ ከ2020 ጀምሮ ግን የአንድ ወርዋሪ ውርወራ በሳምንት ከ500 እንዳይበልጥ ተወሰነ።

እንግዲህ ቁጥሩ የማይጓጓ ዳኛ ነው። ልጁ በሁለት ቡድን የሚጫወት እንደ ሆነም የሁለቱ ውርወራ ተደምሮ ይቈጠር፤ ቡድኑ ሁለት ቢሆን ክንዱ አንድ ነው።