ቁንጭር የያዘውን ጎረቤት አጅቦ ማሳከም፦ ለኦቾሎ ምእመናን የአሠራር መመሪያ

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ በዓለታማ ጉብታ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። መዝሙረኛው የሽኮኮ መጠጊያ ያለው ዓለት እዚህ ከጓሮ ይጀምራል። ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። በሽኮኮ ገላ ውስጥ የሚኖረውን ተውሳክ በዋሻና በድንጋይ ስንጥቅ የምትውል የአሸዋ ዝንብ ማታ ማታ እየነከሰች ወደ ሰው ታመጣዋለች፤ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል ይወጣል። ኦቾሎ በዚህ በሽታ በሕክምና ተመራማሪዎች ዘንድ ከታወቀች ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ሕመሙ የሚበዛው በሕፃናት ላይ መሆኑን አሳይቷል።

አንድ ጉባኤ፣ የኦርቶዶክስ አጥቢያም ይሁን የወንጌላውያን፣ መንደሩን ላገልግል ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው አንድ ቀን ወጥቶ መንገድ መጥረግ፣ ችግኝ መትከል ወይም ልብስ ማደል ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ያ ቀን ሲያልፍ ሥራውም አብሮ ያልፋል። ቁንጭር ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ምርመራው አለ፣ መርፌው አለ፣ ምልልሱ አለ። ብዙ ሰው ሕክምናውን የማይጀምረው ወይም ከመሐል የሚያቋርጠው አጃቢ፣ ማደሪያ፣ የመኪና ገንዘብ ወይም ማሳውን የሚጠብቅለት ሰው ስለሚያጣ ነው። ይህን ሐኪም አያሟላም። በየሳምንቱ የሚገናኝ፣ እያንዳንዱን ቤት የሚያውቅና የታመመ መጠየቅ ልማዱ የሆነ ጉባኤ ግን ያሟላል። ስለዚህ የሥራው ግብ አንድ ነው፦ ቁስል ያለበት ሰው ታይቶ፣ ሕክምና ጀምሮ፣ እስኪጨርስ ብቻውን እንዳይሆን ማድረግ።

1. ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ

መጀመሪያ የሚነገራት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ማን እንደታመመ፣ ማን ጀምሮ እንዳቋረጠ፣ አጎበር ያልደረሰው ሰፈር የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። ቀጥሎ ቀበሌውና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይስሙ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ዱቡሻ፣ ማለትም ወደ መንደሩ የምክር አደባባይ፣ ይሂድ። ኦቾሎ የሚመክረው በስብሰባ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ አቤሌስ እዚህ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ የአደባባይ ምክር ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሣ ወጣት የመለሱትም በዚሁ ሥልጣን ነው። በዱቡሻ ያልተነገረ ሥራ «የእነዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነገር» ሆኖ ይቀራል። ስትናገሩ ሦስት ነገር ግልጽ አድርጉ፦ ሥራው ለሁሉም ነው፤ የሚታከመው ሰው ወደ ጉባኤው እንዲመጣ አይጠየቅም፤ ሌላ ቤተ እምነት አብሮ ልሥራ ቢል በሩ ክፍት ነው።

2. ትንሽ ኮሚቴ አቋቁሙ

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል። ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ የልጅን ፊት በየማለዳው አጥባ ቁስሉን መጀመሪያ የምታየው እናት ናትና። ሥራው እንዲህ ይከፈል፦ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ መዝገብ ያዥ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የጉዞ ተጠሪ፣ አንድ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር የሚገናኝ። ገንዘብ የሚይዘውና ወጪ የሚፈቅደው ሰው አንድ አይሁን።

ቄሱ ወይም መጋቢው ሰብሳቢ ባይሆኑ ይመረጣል። የእርሳቸው ድርሻ ከመድረክ ሥራውን ማስተዋወቅና ጸሎትና ጸበል ከሕክምና ጋር እንደማይጣሉ መናገር ነው። ያን ቃል ከእርሳቸው አፍ የሰማች እናት ልጇን ይዛ ለመውጣት ልቧ ይበረታል።

3. ግማሽ ቀን ተማሩ

በጎ ፈቃደኛ ሐኪም አይደለም፤ አይቶ የሚልክ ሰው ነው። የጤና ባለሙያ መጥቶ በጋሞኛ ያስተምራችሁ። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ያህል ነው፦

- ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በከንፈር ወይም በሌላ ገላጣ ቦታ እንደ ብጉር ይጀምራል፤ እምብዛም አያምም፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየሰፋ ቅርፊት ያበጃል።
- አፍንጫው የሚደማ ወይም የሚደፈን፣ ቁስሉ ወደ ከንፈር ውስጥ የገባ፣ ወይም እብጠቱ በመላ ገላ የተበተነ ሰው ሳይዘገይ ይላክ።
- መልኩ ከሥጋ ደዌ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ በዓይን ፍርድ አይሰጥም፤ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።
- በሽታው አብሮ በመብላት፣ በመተኛት ወይም በመጨባበጥ ከሰው ወደ ሰው አይዛመትም። ይህን ደጋግማችሁ ተናገሩ፤ ታማሚውን ከቁስሉ ይልቅ የሚጎዳው መገለሉ ነውና።
- በእሳት መተኮስ ወይም የባትሪ አሲድ መቀባት ጠባሳውን ያባብሳል።

4. ቤት ለቤት ሂዱ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሰው ከማሳ በተመለሰበት ሰዓት ውጡ። የገበያ ቀን አይሁን። ዩኒፎርም፣ ባነርና ፎቶ አያስፈልግም። ንግግሩ እንዲህ ቢጀመር ይበቃል፦

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የመጣነው ስለ ቁስሉ ነገር ነው። በየቤቱ እየጠየቅን ነው፤ እርስዎ ጋ ብቻ አይደለም።»

«ምን ልታደርጉ?»

«ቁስል ያለበት ልጅ ካለ አብረነው አርባ ምንጭ እንሄዳለን። ብቻዎን አይሄዱም።»

«ማሳዬንስ? ሌሎቹን ልጆችስ?»

«ለእርሱም ሰው አለ፤ እስኪመለሱ ተራ ይዘን እንጠብቅልዎታለን።»

ቁልፉ የመጨረሻው መልስ ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ሳይመደብ አይነገር። «አንፈልግም» ያለ ቤት አይጨቀጨቅ፤ በሌላ ሳምንት የሚቀርባቸው ሰው ይመለስላቸው።

መዝገቡ አንድ ደብተር ይሁን፤ ዓምዶቹም፦ ቀን፣ ሰፈር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁስሉ ከመቼ ጀምሮ፣ የት ላይ፣ የተላከበት ቀን፣ አጃቢ፣ ሕክምና የጀመረበት፣ የጨረሰበት። ደብተሩ በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የሚያየውም መዝገብ ያዡና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻ ይሁኑ። የታማሚ ስም በጉባኤ መሐል ለጸሎት እንኳ ያለ ፈቃዱ አይጠራ።

5. ጉዞውን እንደ ሠርግ ጉዳይ አሰናዱ

ሰው ከመውረዱ በፊት ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ደውላችሁ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ጠይቁ፦ ባለሙያው በየትኛው ቀን ይገኛል? መድኃኒቱ አለ? ሪፈር ያስፈልጋል? መድኃኒት በሌለበት ቀን ታማሚ አድርሶ መመለስ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ሁሉ እምነት ያሳጣል።

ሕክምናው እንደ ቁስሉ ይለያያል። ትንሽ ቁስል በቦታው መርፌ ወይም በብርድ ማቃጠል ሊታከም ይችላል፤ ይህ በተወሰነ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። ለከፋው የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ግን በየቀኑ የሚወጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ እስከ ሃያ ስምንት ቀን ይፈጃል፤ በልብና በጉበት ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ክትትል ያስፈልገዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም እሆናለሁ ብላ የምትጠረጥር ሴት ለሐኪሙ አስቀድማ ትናገር።

ለረጅሙ ሕክምና የሚዘጋጀው እንዲህ ነው፦

- ማደሪያ፦ አርባ ምንጭ የሚኖሩ የኦቾሎ ተወላጆችንና ከተማ ያለውን እኅት ጉባኤ ጠይቁ። አንድ ክፍል በቋሚነት ቢገኝ የሥራው ግማሽ አለቀ።
- አጃቢ፦ በሳምንት አንዴ የሚቀያየር ተራ ይውጣ። ለሴት ልጅ ሴት አጃቢ ትመደብ።
- ምግብ፦ ቆጮው፣ በቆሎው፣ ሙዙ ከመንደር ይላክ፤ ጥሬ ገንዘብ ለመኪናና ለመድኃኒት ይቆይ።
- ማሳና ከብት፦ የታማሚው ቤት ደቦ ይጠራለት። ባለቤቱ ድግስ እንዲያቀርብ አይጠበቅበትም።
- ጤና መድህን፦ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ካልሆነ በምዝገባው ወቅት መዋጮውን መሸፈን ከአንድ ጊዜ እርዳታ ይበልጥ ይጠቅማል።

6. ገንዘቡን በአደባባይ ቁጠሩ

ልዩ መባ ወይም ስጦታ ሲሰበሰብ ሦስት ሰዎች ቆጥረው ይፈርሙ፤ በባንክ ወይም በቁጠባ ተቋም በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ይከፈት። በወር አንድ ጊዜ ገቢና ወጪው ለጉባኤው ይነበብ፤ የታማሚ ስም ግን አይነበብ፤ «የሁለት ሰው መኪና፣ ይህን ያህል ብር» ይበቃል። ደረሰኝ የማይገኝለት የመኪና ወጪ በአጃቢው ፊርማ ይያዝ።

7. ለቤቶቹ የሥራ ቀን ያዙ

ወጣቶች ጉልበት አላቸው፤ የሚሰማሩበት እዚህ ነው። ከታማሚዎቹ ቤት ጀምራችሁ የግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ ለስኑ፤ ከመኝታ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ክምር አንሡ። አጎበሩን ራሳችሁ ስቀሉ፤ ጫፉ ከመኝታው ሥር ይግባ። የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ስለምታንስ የተራው አጎበር ቀዳዳ አያግዳትም፤ ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረውን ከጤና ኬላ ጠይቁ። ሽኮኮ ለማደን ወይም ዋሻ ለማጨስ በራሳችሁ አትነሡ፤ ያ የባለሙያ ምክር የሚያሻው ሥራ ነው።

ስትሠሩ ዓለትና ገደል ያለበት ቦታ ላይ መሆናችሁን አትርሱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሲወርድ የተቀበሩትን ሊያወጣ የሮጠ ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ ተቀብሯል፤ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከገደል ሥር አትቆፍሩ፤ ከላይ ሰው ቆሞ ይጠብቅ፤ ልጆች ድንጋይ አያንከባልሉ።

8. ከመርፌው በኋላ አትለያዩ

ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ሐኪሙ በቀጠረው ቀን መመለሱን አረጋግጡ። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ከትምህርት የቀረ ልጅ ካለ ከመምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ መልሱት። ጠባሳ ያለባት ወጣት በመዘምራን ወይም በኮሚቴው ቦታ ካገኘች መንደሩ የሚማረው ከስብከት የበለጠ ነው።

በየሦስት ወሩ መዝገብ ያዡ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ደብተሩን ከፍቶ ቁጥሮቹን ያለ ስም ለኮሚቴው ያቅርብ። ስንት በጎ ፈቃደኛ ወጣ የሚለው ቁጥር አይጠቅምም። የሚቆጠሩት ሦስት ናቸው፦ ስንት ሰው ተላከ፣ ስንቱ ጀመረ፣ ስንቱ ጨረሰ። በተላኩትና በጀመሩት መካከል ክፍተት ካለ ጉዞው ወይም ገንዘቡ ተበላሽቷል፤ በጀመሩትና በጨረሱት መካከል ከሆነ ማደሪያው ወይም አጃቢው ጎድሏል። ክፍተቱን ሳትሞሉ አዲስ ሰፈር አትጨምሩ። ሦስቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ ግን የሠራችሁትን ይዛችሁ ወደ ዱቡሻ ተመለሱ፤ ቀጣዩን ሰፈር መንደሩ ራሱ ይምረጥ።