የአእምሮ ጤንነት በቤተሰብ፣ በሥራ ቦታና በአካባቢ



ከመካከላችን አንዱ ወባ ቢይዘው ወይም እግሩ ቢሰበር ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ ሌሊት አብሮት የሚያድር አይታጣም። አእምሮው የታወከ እንደሆነ ግን ወሬው እንዳይሰማ ቤቱ ይዘጋል፤ አንዳንዴም ሕመምተኛው በሰንሰለት ይታሰራል። «እርግማን ነው» የሚለው አነጋገር ቤተሰቡን ያሳፍራል፤ ሕክምናውንም ያዘገያል።

የአእምሮ ሕመም በዘር በሚወረስ ዝንባሌ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የምንኖርበት ቤት፣ የምንሠራበት ቦታና አካባቢያችን ሕመሙን ሊቀሰቅሱት፣ ሊያባብሱት ወይም ሊያቃልሉት ይችላሉ። ስለዚህ ሕመሙ የአንድ ሰው ቢሆንም ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው። ይህንኑ በሦስት ክፍል እንመልከት።

1. ቤተሰብ

ልጅ ስለ ራሱ የሚያስበውን አስቀድሞ የሚማረው ከወላጆቹ ነው። በየዕለቱ ስድብና ዱላ የሚያይ፣ አባቱ ሰክሮ የሚገባበትን ሰዓት በፍርሃት የሚጠብቅ ልጅ ቤቱ ማረፊያ አይሆነውም። ፍርሃቱ እንቅልፉንና ትምህርቱን ያውካል፤ ካደገም በኋላ ወደ ትዳሩ ይከተለዋል። በአንጻሩ አንድ አያት ወይም አንዲት አክስት እንኳ በፍቅር የምታዳምጠው ልጅ መከራን የሚቋቋምበት ኃይል ያገኛል።

ከወሊድ በኋላ እናትን የሚይዛት ከባድ ሐዘን በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው። አራስን ብቻዋን የማይተወው፣ ገንፎ የሚያገነፋላት ልማዳችን ከአካሏ ሌላ መንፈሷንም ይጠብቃል። በኪራይ ቤት ያለ ዘመድ የምትወልድ ሠራተኛ ግን ይህ ድጋፍ ይጎድላታል። ጎረቤቶቿ ዘመድ ሊሆኑላት ይገባል።

2. የሥራ ቦታ

ኮምቦልቻ የሠራተኛ ከተማ ናት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀምሮ በ2009 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ከወሎ ገጠር የሚመጡ ወጣቶች ሥራ ይፈልጉባታል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሚሠራው ሰው መሆኑን አስተምረዋል። የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍ ሲነሣ፣ ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለምግብ ሳይበቃ ሲቀር፣ አለቃም በስድብ ሲያሠራ ይህ ክብር ይደፈራል፤ አእምሮም ይደክማል። ሥራ ማጣትም እንዲሁ ሰውን ይሰብራል። የዓለም የጤና ድርጅት በድብርትና በጭንቀት ሕመም ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ገምቷል።

ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እኅቶቻችን ሥራቸውና መኖሪያቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ከበደል የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ የወሎ ልጆችም ከመካከላቸው ነበሩ። እንዲህ ተጎድታ የተመለሰችን ልጅ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ መቀበል በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

3. አካባቢ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ የትግራይ ኃይሎች ከተሞቹን ይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ። ሰዎች ተገደሉ፤ የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በመሆኑም ብዙዎች ሰላማቸውን፣ እንጀራቸውንና መታከሚያቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ገለጠው ጦርነት በደረሰባቸው አገሮች ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ የአእምሮ ሕመም አለበት። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ የሚርበደበድ ጎልማሳ፣ አልጋው ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ የእምነት ጉድለት እንዳለበት አንቁጠር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያዩ አረጋውያንም ቁስላቸው ዛሬ እንደገና ሊነካባቸው ይችላል።

የምንተነፍሰው አየርና የምንጠጣው ውኃም የዚሁ ጉዳይ አካል ናቸው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የተጨናነቀ መኖሪያ፣ ጩኸትና ብክለት የሰውን ኑሮ እንደሚያውኩ አስገንዝበዋል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚወርድበት የቦርከና ወንዝ ጉዳይ ስለዚህ የጤና ጉዳይ ነው።

4. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን እስከ መመኘት በተጨነቀ ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ አስቀድሞ አልገሠጸውም። ከተኛበት ቀስቅሶ አበላው፤ አጠጣው (1ኛ ነገ. 19)። እኛም «ጸሎትህ አንሶ ነው» ከማለት በፊት መቀመጥና ማዳመጥ ይገባናል።

አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ከሰው ከራቀ፣ የሚወደውን ሥራ ከጠላ፣ ወደ ሐኪም እንዲሄድ እንርዳው። በደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ጸሎትንም ሐኪምንም በአንድነት ስለሚያከብር፣ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጥ ዘንድ አይገደድም። ካህኑም ምሥጢረ ንስሐንና ምሥጢረ ቀንዲልን ይሰጣል እንጂ የሐኪምን ቦታ አይተካም።

ሞትን የሚመኝ ሰው ሲያጋጥመን በግልጥ እንጠይቀው፤ ብቻውን አንተወው፤ ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብም አይገለል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2282-2283) ከባድ የአእምሮ መታወክ ተጠያቂነትን ሊቀንስ እንደሚችል፣ ስለ እነዚህ ሰዎች ድኅነትም ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ያስተምራል።

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ተሰባስቦ ሙታንን ይቀብራል፤ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ይኸው ቅሬ በሕይወት ያለውን፣ በተዘጋ በር ውስጥ የሚሠቃየውን ሕመምተኛ ቢጠይቅ ብዙ ነፍስ ያድናል። በቁምስናችን ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ቤት እስከሚቀጥለው እትም ድረስ እንጎብኝ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በሠፈራችን የአእምሮ ሕመምተኛን የምንጠራበት ስም ምንድን ነው? ስሙ ቤተሰቡን እንዴት ይጎዳል?

ለ. ከገጠር መጥተው በፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶችን ቁምስናችን ያውቃቸዋልን? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማን ያነጋግራቸዋል?

ሐ. የጦርነቱን ጊዜ ከልጆቻችን ጋር ተነጋግረንበታልን? ወይስ ዝም ብለነዋል?