ግራፍት ለምን ይጠባል? ቁስል የሚያድነው ፕሮቲን ሲበዛ

ስለ ኩላሊት እጥበት በጻፍኩ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እናታችን ክንዷ ላይ ግራፍት ተደርጎላት ደህና ሲሰራ ቆይቶ አሁን ጠቧል ተባልን። ቁስሉ እኮ ድኗል፤ ታዲያ ምን ሆነ?» የሚገርመው ነገር፣ የጠበበው ብዙ ጊዜ ሰውነት «ማዳኑን» ስላላቆመ ነው።

ግራፍት ማለት የደም ስር ምትክ ነው። ለልብ ወይም ለእግር ባይፓስ ብዙ ጊዜ ከራሳችን እግር የሚወሰድ ደም መልስ ይሆናል። ለእጥበት ሲሆን ደግሞ ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኝ ሰው ሰራሽ ቱቦ ነው፤ አብዛኛው የሚሰራው ምግብ ከማይጣበቅበት መጥበሻ ከምናውቀው ከቴፍሎን ነው። (ሁለቱ ደም ስሮች ያለ ቱቦ በቀጥታ ከተሰፉ ፊስቱላ ይባላል። ከወሊድ ፊስቱላ ጋር በስም እንጂ በነገሩ አይገናኝም፣ አትደንግጡ።)

ቱቦው እንደተሰፋ ፕላትሌቶች መጥተው ይለጠፉበታል። ፕላትሌት ደም ከማርጋት በተጨማሪ ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይዞ ይመጣል። እነዚህ ለህዋሳት «ተባዙ፣ ወደዚህ ኑ» የሚል ትዕዛዝ የሚያደርሱ መልእክተኞች ናቸው። ዋናው ፒዲጂኤፍ ይባላል፤ ከደም ስር ግድግዳ ውስጥ ያሉትን የጡንቻ ህዋሳት ቀስቅሶ ወደ ውስጥ እንዲገቡና እንዲራቡ ያደርጋል። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው ደግሞ ጠባሳ የሚሰራውን ክር መሳይ ነገር ያስመርታል። ቪኢጂኤፍ የሚባለው ሌላ ስራ አለው፦ የደም ስርን የውስጥ ሽፋን ያሳድጋል። ይህ ስስ ሽፋን ደም እንዳይረጋ ይከላከላል፣ የጡንቻ ህዋሳቱንም «በቃ፣ አቁሙ» ይላቸዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በሰው ላይ ያ ሽፋን ከስፌቱ ተነስቶ ቱቦው ላይ የሚራመደው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ይቆማል። በአንዳንድ እንስሳት ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ድንቅ የነበረ ነገር ሰው ላይ ሲደርስ የሚያሳፍረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ተባዙ» ባዩ በዝቶ «አቁሙ» ባዩ ያንሳል። በዚያ ላይ ቀጭኑ ደም መልስ ያልለመደው ግፊት ይመታዋል። ስፌቱ አካባቢ ግድግዳው ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ኬሎይድ ያለበት ሰው አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል፤ ቁስሉ ድኖም ጠባሳው ማደጉን አያቆምም። አንድ ዓይነት በሽታ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም።

«እንግዲያው ግሮውዝ ፋክተሩን የሚያግድ መድሃኒት ስጡን» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። ፓክሊታክሴል የተቀባ ባሉን የጠበበውን ቦታ ከፍቶ የጡንቻ ህዋሳቱን መራባት ያዘገያል። ግን እንዲህ ያሉ መድሃኒቶች ጥሩውን ሽፋንም ሊያዘገዩት ይችላሉ። በልብ ስቴንት ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ መድሃኒት የተቀባ ስቴንት የገባላቸው ሰዎች ደም እንዳይረጋ የሚሰጣቸውን ክኒን እንዳያቋርጡ አጥብቀን የምንነግራቸው ለዚህ ነው። ጨምሩበት ብንል ይጠባል፣ አግዱት ብንል ሽፋኑ ይዘገያል። እስካሁን ሁለቱን በትክክል የሚለይ መድሃኒት በእጃችን የለም። «ደም ስር የሚያድስ» እያሉ የሚሸጡላችሁን መርፌና እንክብል በዚህ ዓይን እዩት።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ክትትል ነው። እጥበት ላይ ያላችሁ ጠዋት ጠዋት ግራፍቱ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ፤ የሚርገበገብ ንዝረት መሰማት አለበት። ንዝረቱ ከደከመ፣ ክንዱ ካበጠ፣ ወይም መርፌ ሲነቀል ደሙ ለረጅም ጊዜ አልቆም ካለ ለእጥበት ክፍሉ ንገሩ፤ የጠበበ ግራፍት በባሉን ሊከፈት ይችላል። ንዝረቱ ጭራሽ ከጠፋ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። በዚያ ክንድ ግፊት አታስለኩ፣ ደም አታስቀዱ፣ ተንተርሳችሁት አትተኙ። ባይፓስ የተደረገላችሁ ደግሞ የታዘዘላችሁን አስፒሪን «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቁሙ። ሲጋራም ያን ስስ ሽፋን ስለሚጎዳ፣ የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ስለማቆም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።